የአንደኛ ክፍል መምህርትን ማን ይርዳት?

ልጅዎ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቶ ከሆነ እስቲ አንድ ነገር ይሞክሩ። ማታ ከሥራ ገብተው እራት እስኪቀርብ ድረስ ልጁ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብሎ ጀምሮ እስከ «ፐ» ሳያቋርጥ ሲወርደው ሰምተው፣ «ጎሽ! ፊደል ለየልኝ» ብለው ተደስተው ይሆናል። መደሰትዎ ደግ ነው። ነገር ግን ነገ ማታ መጽሐፉን ይግለጡና ከመካከል «ሹ»ን ወይም «ጌ»ን በጣትዎ ጠቁመው «ይቺ ምን ትባላለች?» ብለው ይጠይቁት። ብዙ ልጆች ወዲያው አይመልሱም። ከ«ገ» ይነሡና «ገ ጉ ጊ ጋ» እያሉ በልባቸው አዚመው «ጌ» ላይ ሲደርሱ ጮክ ይላሉ። አንዳንዱማ ከ«ሀ» ነው የሚነሣው። ዜማው ሲደርስ ፊደሏም ትደርሳለች። እንዲህ ያለው ልጅ ዜማውን አውቋል፤ ፊደሉን ግን ገና አልያዘም።

ይህን የምጽፍልዎ ልጅዎን እንዲገሥጹት አይደለም። መምህርቱንም እንዲከሱ አይደለም። እኔ ራሴ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ትንንሾቹን ክፍሎች፣ ይልቁንም አንደኛ ክፍልን ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ። ሁለት ልጆችም አሳድጌአለሁ። አሁን አሁን ከራሴ ክፍል ሌላ ወደ ወጣት መምህራን ክፍል እየገባሁ ከኋላ አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። ስለዚህ ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁት ልጅዎን ንባብ ስለምታስጀምረው ሰው ነው። በእኛ ትምህርት ቤት ይህች ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፣ ወጣት ናት፣ በሩን ዘግታ ሥራዋን ስትጀምርም ብቻዋን ናት።

በየትምህርት ቤቱ አንድ የቆየ ልማድ አለ። አዲስ መምህርት ስትመጣ «ለጊዜው አንደኛ ክፍልን ትያዝ» ይባላል። ጥቂት ዓመት ስትሠራ፣ ወይም በማታው ትምህርት ደረጃዋን ስታሻሽል፣ ወደ አምስተኛ ወይም ወደ ሰባተኛ ክፍል «ከፍ» ትላለች። «ከፍ ማለት» የሚለውን አነጋገር ልብ ይበሉልኝ። ሰው ሁሉ «አንደኛ ክፍል ሀ ሁ ማስቆጠር እንጂ ሌላ ምን አለበት?» ይላል። በእኔ አስተያየት ግን በትምህርት ቤቱ ውስጥ ካለው ሥራ ሁሉ ከባዱ ይኸው ነው። ሰባተኛ ክፍል የሚያስተምር ሰው ማንበብ የሚችል ልጅ ተረክቦ ነው የሚጀምረው። የአንደኛ ክፍሏ መምህርት የምትረከበው ልጅ እርሳስ በየትኛው ጫፉ እንደሚጽፍ ገና እያጠና ያለውን ነው።

እኛ አዋቂዎቹ ማንበብ ከለመድን ዘመን ስለቆየን የነገሩን ክብደት ረስተነዋል። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲባዙ፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር 231 መልክ አላቸው። ካዕቡ ከወገቡ ላይ ጭረት ያወጣል፤ ሣልሱ ከእግሩ ላይ። «ቡ»ን እና «ቢ»ን ያየ ልጅ «ሱ»ን እና «ሲ»ን ሊገምት ይችላል፤ ይህን ሥርዓት ካሳዩትም እንደ ጨዋታ ነው የሚይዘው። ሳድስ ላይ ሲደርስ ግን ሥርዓቱ ይፈርስበታል። «ል»፣ «ብ»፣ «ስ»፣ «ን» እያንዳንዳቸው የሚለወጡት በየራሳቸው መንገድ ነው። ድምፁም እንዲሁ አስቸጋሪ ነው። ልጁ «ል… ብ… ስ…» ብሎ ሦስቱንም ፊደላት በትክክል ይጠራና፣ «እንግዲህ ምን ሆነ?» ሲሉት ዝም ብሎ ያይዎታል። ሦስት የተለያዩ ድምፆች ሰማ እንጂ «ልብስ» የሚባል ነገር አልሰማም። ስንት ልጅ እዚህ ቦታ ላይ ቆሞ ቀርቷል መሰልዎ!

ይህም ብቻ አይደለም። አማርኛ ሲጻፍ መጥበቅና መላላቱ አይታይም። «ዋና» ሲባል ውኃ ውስጥ የሚዋኘው ነው ወይስ አለቅነቱ? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የምንለው? አንባቢው የሚለየው ከዓረፍተ ነገሩ ስሜት ነው። እንግዲህ ልጁ ፊደል መጥራቱ ብቻ ሳይሆን እየጠራ ማሰቡም የግድ ሊሆን ነው። ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚነገርባቸውና አማርኛን ከሰፈር የለቀሙ ልጆች ሲሆኑ ደግሞ ድካሙ እጥፍ ይሆናል።

አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ከማውቃቸው ክፍሎች በአንዱ 62 ልጆች አሉ። ደቂቃውን ለልጆቹ ቢያካፍሉት ለእያንዳንዱ 40 ሴኮንድ እንኳ አይደርሰውም፤ ያውም ስም ሳይጠራ፣ ደብተር ሳይታደል፣ «ቲቸር፣ መታኝ» የሚለው ሁሉ ሳይዳኝ ነው። ታዲያ መምህርቷ ምን ታድርግ? ሁሉንም በአንድ ድምፅ ታስጮሃቸዋለች። በአንድ ድምፅ ሲጮሁ ደግሞ የትኛው እንዳነበበና የትኛው አፉን ብቻ እንዳንቀሳቀሰ አይለይም።

እኔ ከ12ኛ ክፍል በኋላ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም አንድ ዓመት ተምሬ ነው ሥራ የጀመርኩት። ያኔ ደንቡ ይኸው ነበር። ስለ ትምህርት ዕቅድ አወጣጥ፣ ስለ ሕፃናት ጠባይ ተምረናል፤ «ልብስ» ላይ የቆመን ልጅ እንዴት እንደሚያሻግሩት ግን የነገረን አልነበረም። ይህን ያሳዩኝ አንዲት አንጋፋ መምህርት ናቸው። ሁላችንም የምንጠራቸው «እትዬ» እያልን ብቻ ነበር። አባታቸው የኔታ ስለነበሩ ፊደል የቆጠሩት ከአባታቸው እግር ሥር ነው። በትርፍ ክፍለ ጊዜያቸው ማንም ሳይጠራቸው ይመጡና ከልጆቹ ጋር አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ወረቀትም እርሳስም አይዙም። በሦስተኛው ቀን «ልጄ፣ እስቲ አሥር ደቂቃ ስጪኝ» አሉኝ።

ያን አሥር ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፉም። ቃሉን በአፋቸው ብቻ ቀስ አድርገው እየሳቡ «ልልል… ብ… ስስስ» አሉና «ምን አልኩ?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ «ልብስ!» አሉ። «መጨረሻው ላይ እንደ እባብ ስስስ የሚል ሌላ ቃል አምጡልኝ» አሉ። «ነፋስ!»፣ «ጥርስ!»፣ «ምላስ!» ተባለ። አንዱ «ንጉሥ!» አለ። በጽሕፈት ሌላኛው «ሥ» ነው፤ እትዬ ግን «ጆሮህ ልክ ነው፤ ዓይንህን ሌላ ቀን እናስተምረዋለን» ብለው አለፉት። አንዷ ደግሞ «ዳቦ!» ብላ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እርሷም አብራ ሳቀች። ጠመኔ ያነሡት ከዚያ በኋላ ነው። ሦስቱን ፊደላት ራቅ ራቅ አድርገው ጻፏቸው፤ እያስነበቡ እንደገና ቀረብ አድርገው ጻፏቸው፤ በመጨረሻ ጎን ለጎን አስጠጓቸው። የልጆቹም ድምፅ እንደ ፊደሎቹ እየተጠጋጋ ሄዶ አንድ ቃል ሆነ። በማግሥቱ «ጥርስ»ን እኔ እንዳስተምር አደረጉና እርሳቸው ተቀምጠው ተመለከቱ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ከዚያም በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ ሲመጡ ከረሙ።

የአቡጊዳንም ምሥጢር የገለጡልኝ እርሳቸው ናቸው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ «ሀ ሁ»ን ቆጥሮ ሲጨርስ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ወደሚለው ይሻገራል። እዚያ ፊደሎቹ በሌላ ተራ ተደባልቀው ነው የሚጠብቁት፤ አንዱ ከግዕዝ፣ አንዱ ከካዕብ፣ አንዱ ከሣልስ። በዜማ ብቻ የሸመደደ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል። እትዬ «የኔታ የሚመረምሩት የልጁን አፍ አይደለም፤ ዓይኑን ነው» ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላም ልጁ ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ የሚሄደው ለብቻው እየተሰማ ነው፤ የቀደመውም ልጅ የኋለኛውን ያስጠናል። አለንጋው ይቅርብን እንጂ ይህስ የሚጠላ አልነበረም።

ለመሆኑ ዛሬ መምህራን ሥልጠና አያገኙም ወይ? ያገኛሉ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ የተቀመጥኩባቸውን አዳራሾች ቁጥር እኔም አላውቀውም። መቶ ሃምሳ መምህር አንድ አዳራሽ ይገባል፤ ከፊት ያለው ሰው ግድግዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ ያነብልናል፤ ሻይ እንጠጣለን፤ በሦስተኛው ቀን ተጨብጭቦ እንለያያለን። የሚነገረው ነገር ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው። ነገር ግን አዳራሹ ውስጥ 62 ልጅ የለም። ሰኞ ጠዋት መምህርቷ የተነገራትን ልትሞክር ስትል ግማሹ ክፍል ይንጫጫባታል፣ ደወሉም ይደወልባታል። ማክሰኞም እንደዚያው ነው። ረቡዕ ወደምታውቀው ወደ ዜማው ትመለሳለች። ይህን ስንፍና የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን 62 ልጅ ፊት ቆመው ያላዩ ናቸው እላለሁ።

ነገሩ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስልዎ አንድ የውጭ አገር ጥናት ልጥቀስልዎ። በደቡብ አፍሪካ፣ ኖርዝ ዌስት በተባለው ክፍለ ሀገር፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለሁለት ዓመት በ230 ትምህርት ቤቶች ሙከራ ተደርጎ ነበር። ልጆቹ ንባብ የሚጀምሩት በእናት ቋንቋቸው በሴትስዋና ነው። በ50 ትምህርት ቤቶች መምህራኑ ዝርዝር የትምህርት ዕቅድና የንባብ መጻሕፍት ተሰጥቷቸው በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ማእከል እየተጠሩ ሠለጠኑ። በሌሎች 50 ትምህርት ቤቶች ደግሞ መምህራኑ ያንኑ ዕቅድና ያንኑ መጽሐፍ ተቀብለው፣ ንባብ ማስተማር የምታውቅ ረዳት በየወሩ ገደማ ክፍላቸው ድረስ እየመጣች አየቻቸው፣ አሳየቻቸው። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ልጆቹ ሲፈተኑ፣ ረዳት ክፍል ድረስ የመጣችላቸው ያገኙት መሻሻል ከአዳራሾቹ እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በተለይም አስቸጋሪውን ሥራ፣ ልጆችን በትንንሽ ቡድን እያደረጉ ማስነበብን፣ ይበልጥ ደፍረው የሠሩት እነዚሁ መምህራን ናቸው። ወጪው ከፍ ያለ ነበር፤ ይህን አልደብቅዎትም።

በእኛም አገር ችግሩ ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የልጆች የንባብ ችሎታ በተፈተነ ጊዜ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ትምህርት ሚኒስቴር ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የመማሪያ መጻሕፍትና የመምህር መምሪያዎችን አዘጋጀ። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መመሪያ አንድ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያው እንዲያውል፣ አዲስ መምህርትም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በአንጋፋ እየታገዘች እንድትሠራ ደንግጎ ነበር። እትዬ በበጎ ፈቃዳቸው ያደረጉልኝ ነገር ደንብ ሆኖ ተጻፈ ማለት ነው።

ጉድለቱ ታዲያ የት ላይ ነው ቢሉኝ፣ ሰዓቱ ላይ ነው። አጋዥ ሆና የተመደበችው መምህርት የራሷ ክፍል አላት። የእርሷ ልጆችና የአዲሷ ልጆች በአንድ ሰዓት ነው የሚማሩት። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙት በእረፍት፣ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። 60ው ሰዓት «ማህደረ ተግባር» በሚባለው ክላሰር ውስጥ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሱፐርቫይዘሩ በበኩሉ ብዙ ትምህርት ቤት ስለሚያዳርስ ቅጹን ሞልቶ ነው የሚሄደው፤ ቅጹም የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ያለበት ነው። ነጥብ በሚሰጥ ሰው ፊት «ይህ አቅቶኛል» ብሎ የሚናገር ሠራተኛ እርስዎስ በመሥሪያ ቤትዎ አይተው ያውቃሉ?

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አንዲት ወጣት መምህርት «እትዬ፣ ወደ አምስተኛ ክፍል እንዲያዛውሩኝ ላመልክት ነው» አለችኝ። (ማዕረጉ ለእኔም ደረሰኝ ማለት ነው።) «ከማመልከትሽ በፊት አንድ ቀን ልቀመጥልሽ» አልኳትና ገባሁ። አንድ ልጅ ነበራት፤ መጽሐፉን ገልጦ ገጹን እንደ ውኃ ነው የሚጠጣው። እናቱ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ፣ ገና ሳይነጋ በሰርቪስ የምትሄድ ናት። ማታ ማታ ታላቅ እኅቱ እያነበበችለት ገጹን በቃሉ ይዞታል። ሥዕሉን በእጄ ሸፍኜ ከመካከል አንዲት ቃል ስጠቁመው ጸጥ አለ። መምህርቷ ቀስ ብላ «ከጎበዞቹ መካከል ነው እኮ» አለችኝ። እንባዋ መጥቶ ነበር።

ርእሰ መምህሩን አነጋገርን። እኔ ክፍል ስፖርትና ሥነ ጥበብ የሚያስተምረው ሌላ መምህር ስለሆነ፣ በሳምንት ሁለቱ ክፍለ ጊዜያት ከእርሷ የአማርኛ ሰዓት ጋር እንዲገጥሙ ተደረገ። አንድ ሳንቲም አልተጠየቀም፤ የተነካው የጊዜ ሰሌዳው ላይ ያሉ ሁለት ሣጥኖች ናቸው። ከእርሷም ጋር ተስማማን፤ በክፍሏ ያየሁት ነገር ከሁለታችን አይወጣም፣ ነጥብ አይሆንም። ከዚያ በኋላ ነው አፏን ፈታ «ሳድስ ላይ የማደርገው ይጠፋኛል» ያለችኝ። እኔ አሥር ደቂቃ አስተማርኩ፤ በሚቀጥለው ጊዜ እርሷ አስተማረች። የጫማ ካርቶን ቆርጣ ፊደል ጻፈችበትና እንደ አቡጊዳው ደባልቃ ማስጠራት ጀመረች። ያ ልጅ ያለ ዜማ የሚለያቸውን ስንቆጥር ከሠላሳ አልበለጡም።

በሚያዝያ ገደማ ልጁ ከዚያ በፊት ያላየውን አጭር ዓረፍተ ነገር በጣቱ እየተከተለ፣ ግንባሩ ላብ እስኪያወጣ እየታገለ አነበበ። እንደ ውኃ አልጠጣውም። አንዷን ቃል ሁለት ጊዜ ሳተ፤ ተመልሶ አረማት፤ ማንም ሳያርመው። ሁሉም እንዲህ አልሆኑም። አሥራ አራት ልጆች ሰኔ ሲዘጋ ገና «ልብስ» ላይ እንደቆሙ ነበሩ፤ ወደ ሁለተኛ ክፍል ግን ተዛውረዋል። ዘንድሮ የተረከበቻቸውን መምህርት ክፍል ገብቶ የሚረዳት ሰው ገና አልተገኘም፤ እኔም አንድ ነኝ። ወጣቷ መምህርት ግን ሳታመለክት ቀረች፤ ዘንድሮም አንደኛ ክፍል ናት፤ ዘንድሮም 62 ናቸው።

ፋብሪካ የምትሠሩ እኅቶች ይህን ከማንም ይበልጥ ታውቁታላችሁ። አዲስ ሠራተኛ ማሽን ላይ ስትቀመጥ «መመሪያውን አንብቢ» ተብላ ብቻዋን አትተውም፤ እጇ እስኪፈታ ከጎኗ የምታውቅ ትቀመጣለች። ልብስ ስፌት ላይ የማንነፍገውን ነገር ልጆቻችንን በምታስነብበው ላይ ለምን እንነፍጋለን? ወላጆች ለስብሰባ ስንጠራ ስለ አጥሩ፣ ስለ ደንብ ልብሱ፣ «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ስለሚለው እንነጋገራለን። በሚቀጥለው ስብሰባ እጅዎን ያውጡና ርእሰ መምህሩንና የወላጅና መምህራን ኅብረቱን ይጠይቁልኝ፤ የአንደኛ ክፍሏን መምህርት ክፍሏ ድረስ ገብቶ የሚረዳት ሰው አለ ወይ? በዚህ ወር ስንት ጊዜ ገባ? ሰዓትስ በጊዜ ሰሌዳው ላይ ተይዞለታል ወይ? ጥያቄው ለመምህርቷ አይደለም፤ ስለ እርሷ ነው። እርሷ ራሷ ልትጠይቀው የማትደፍረው ነው።

ያቺ ወጣት መምህርት አሁን ሌሎቹ ልጆች ከደብተራቸው ላይ ሲጽፉ በቀን ስድስት ስድስት ልጅ ወደ ጠረጴዛዋ እያስጠጋች ለየብቻቸው ታዳምጣለች። 62ቱን ለማዳረስ አሥራ አንድ የትምህርት ቀን ይፈጅባታል። የተራው ዝርዝር በሩ አጠገብ ተለጥፏል። በልጅዎ ክፍል እንዲህ ያለ ዝርዝር ካለ ጠዋት ሲያደርሱት ቆም ብለው የእርሱ ቀን የቱ እንደሆነ ይመልከቱ። ያን ዕለት አይረፍድበት፤ ተራው ካለፈው ሌላ አሥራ አንድ ቀን መጠበቁ ነው።